ያልመለስኳት ሞተር እና የስሎት መኪኖች ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የምጽፈው ስለ አሻንጉሊት መኪና ነው። አዎ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ፣ የልጅ አባት፣ ስለ አሻንጉሊት መኪና። ብትስቁብኝ አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ነው። ከጀርመን ለእረፍት የመጣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። አሁን እዚያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ይሠራል። በብብቱ አንድ ትልቅ ያረጀ ካርቶን ይዟል። "ቲቸር፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የገዛሁት፤ እንዳይንቁብኝ" አለኝ። ከፈትነው። የሚገጣጠም ጥቁር የፕላስቲክ መንገድ፣ መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት መኪኖች፣ ቃታ ያላቸው ሁለት መቆጣጠሪያዎችና አንድ ትራንስፎርመር። ካርቶኑ ላይ "ካሬራ" ይላል።

ቡና ጠጥተን፣ ስንጫወት አምሽተን፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና እየሳቀ "ቲቸር፣ ያቺን ሞተሬን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም" አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ይህ አሻንጉሊት ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ላውራችሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩን ሳነብ ነው የራሴ ጥፋት ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

*

ጨዋታው ስሎት ካር ይባላል። ስሎት ማለት ስንጥቅ ወይም ቦይ እንደማለት ነው። መንገዱ ላይ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ጠባብ ቦይ አለለት። ከመኪናው አፍንጫ ሥር የወጣች ትንሽ ምላስ ቦዩ ውስጥ ትገባና መኪናውን ትመራዋለች። ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሐዲዶች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ፖዘቲቭ ነው፣ አንዱ ኔጋቲቭ። ከምላሷ አጠገብ ደግሞ ልክ እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች አሉ። እነዚህ ሹሩባዎች ሐዲዱን እየዳበሱ ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ያቀብላሉ። የግድግዳውን 220 ቮልት ትራንስፎርመሩ ወደ 15 ቮልት ገደማ ያወርደዋል። ቃታውን ስትስቡ ለሞተሩ የሚደርሰው ኃይል ይጨምራል፣ መኪናዋ ትፈጥናለች። ስትለቁት ይቀንሳል።

መሪ የለም። መሪውን ቦዩ ወስዶታል። ለእናንተ የቀረላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምን ያህል ልፍጠን፣ መቼስ ልልቀቅ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋሁት፣ ቃታውን እስከ ጥግ ሳብኩ፣ መኪናዬ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከቦዩ ዘላ ወጥታ ሶፋ ሥር ገባች። የስምንት ዓመት ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች። እሷ ቀስ እያለች ሦስት ዙር ጨረሰች። እኔ አንድም አልጨረስኩም።

*

አሁን ወደ ታሪኩ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኤሌክትሪክ የሚሮጥ የአሻንጉሊት መኪና አዲስ ነገር አይደለም። በአሻንጉሊት ባቡር የሚታወቀው የአሜሪካው ላየነል ኩባንያ በ1912 ሁለት የውድድር መኪኖችን ከነመንገዳቸው ለገበያ አቅርቦ ነበር። ጥቂት ዓመት ተሸጡና ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ነገሩ ብዙም አልተራመደም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ የሞዴል ሠሪ ማኅበራት እንደገና አነሱት። መጀመሪያ መኪኖቹን የሚመሩት ከመንገዱ ከፍ ብሎ በወጣ ሐዲድ ነበር። ኋላ ሐዲዱን ትተው መንገዱ ላይ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። ስሎት የሚለው ስም የመጣውም ያኔ ነው፤ በሐዲድ ከሚመሩት ለመለየት።

እዚህ ላይ ነው ፍሬድ ፍራንሲስ የሚባል እንግሊዛዊ የሚመጣው። ሰውዬው ፕሮፌሰር አይደለም፣ የፋብሪካ መሣሪያ ሠሪ ነው። በ1947 ሚኒሞደልስ የሚባል አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። በ1952 ስካሌክስ የተባሉ የቆርቆሮ መኪኖችን ማምረት ጀመረ። ወለል ላይ ተጭነህ ወደ ኋላ ስትጎትታቸው ውስጣቸው ያለው ስፕሪንግ ይጠመጠማል፣ ስትለቃቸው ይፈተለካሉ። እንደ ጉድ ተሸጡ። ግን ምን ያደርጋል፣ ልጅ ይሰለቻል። ለቀህ ማየት ብቻ ነዋ! ጥቂት ዓመት ቆይቶ ገበያው ቀዘቀዘ።

ፍራንሲስ አዲስ ሐሳብ ሲፈልግ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ትናንሽ መኪኖችን ማየቱ ይነገራል። ያምራሉ። ተመልካቹ ግን ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ሥራ የለውም። ሰውዬው ያስተዋለው ይህንን ነው። የጎደለው ፍጥነት አይደለም፣ ውበትም አይደለም፤ የተጫዋቹ እጅ ነው የጎደለው። የራሱን የቆርቆሮ መኪኖች ወሰደ፣ ሆዳቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ከተተ፣ ቦይ ያለው የጎማ መንገድ ሠራላቸው፣ ከዚያም መቆጣጠሪያውን ለልጁ ሰጠው። ስካሌክስን ከኤሌክትሪክ ጋር አዳቅሎም ስካሌክስትሪክ ብሎ ሰየመው። በጥር 1957 ሃሮጌት ከተማ በተካሄደው የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ አቀረበው።

የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ እንደ ዛሬው ፍጥነት የሚመጥን እንኳ አልነበረም። ማብሪያና ማጥፊያ ነበር፤ ትጫናለህ፣ ትለቃለህ። ቢሆንም ገበያው አበደ። ትዕዛዙ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ፍራንሲስ በማግስቱ ዓመት በ1958 ድርጅቱን ለትልቁ አሻንጉሊት አምራች ለላይንስ ብራዘርስ ሸጠው። ቆርቆሮው በፕላስቲክ ተተካ፣ መቆጣጠሪያውም ፍጥነትን ቀስ በቀስ የሚጨምር ሆነ። የገዛው ድርጅት በ1971 ወድቋል፤ ስካሌክስትሪክ ግን ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተዛወረ ዛሬም አለ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ስፕሪንግ ያለው መኪና አለ፣ ኤሌክትሪክ ሞተር አለ፣ ቦይ አለ። ሁሉም ነገር ቀድሞ ነበረ። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው ለተመልካቹ አንድ ቁልፍ መስጠት ነው።

*

ወደ ሳሎኔ ልመልሳችሁ።

በሁለተኛው ቀን አንደኛዋ መኪና ጭራሽ እምቢ አለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች፣ በጣት ስትገፋ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። ሞተሩ የተቃጠለ መስሎኝ ልጄ ፊቷ ጠቆረ። በቪዲዮ ጥሪ ለተማሪዬ አሳየሁት። ገና ሳልጨርስ "ቲቸር፣ ገልብጠው ሹሩባውን ይዩት" አለኝ። ገለበጥኩ። የምንጣፍ ብናኝ፣ የልጄ ጠጉር፣ የቡና ቁርስ ፍርፋሪ፣ ሁሉም ተጠምጥሞበታል። ጥፋቱ የቤቴ ወለል ነው። በወረንጦ ለቀምኩ፣ የተጣበቁትን ሽቦዎች ጫፋቸውን በመርፌ በተን አድርጌ ሐዲዱን በደንብ እንዲነኩ አደረግኩ፣ ሐዲዱንም በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ። ተፈተለከች!

ከዚያ በኋላ በየማታው ትምህርት ቤት ገባሁ ማለት ይቻላል። አስተማሪው ጀርመን፣ ተማሪው እኔ። የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ካርቶን የሚደርሰው ሰው ይኖራል።

የመጀመሪያው ጎማ ነው። የኋላ ጎማዎች አቧራ ከያዙ መኪናዋ ሳሙና የረገጠች ትመስላለች። ፕላስተር ጀርባውን ገልብጣችሁ በሚያጣብቀው በኩል ጎማውን ብታሽከረክሩበት አቧራው ይለቃል። ጎማው ሙሉ ክብ ካልሆነም መኪናዋ ትዘላለች። መፍትሔው የብርጭቆ ወረቀት ወለል ላይ አጣብቆ፣ ሞተሩን ቀስ ብሎ እያዞሩ የኋላ ጎማዎቹን በስሱ ማስነካት ነው። ከፍ ያለው ቦታ ይሞረድና እኩል ይሆናል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ የጎማው ዘንግ የሚሽከረከርበት ቦታ ላይ። እኔ መጀመሪያ ቀን አፈሰስኩት። ዘይቱ ጎማው ላይ ደረሰና መኪናዋ ቆማ ጎማዋ ብቻ ይሽከረከር ጀመር። ሲበዛ ማርም ይመራል።

ሦስተኛው ብሎን ነው። የላይኛውን ቅርፊት ከሥሩ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ሙሉ ለሙሉ ማጥበቅ ጥሩ ይመስለን ነበር። አይደለም። በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ላላ ሲደረጉ ቅርፊቱ ትንሽ ይወዛወዛል፤ የመንገዱ ንዝረት ወደ ጎማው አይመለስም፣ መኪናዋም ተረጋግታ ትሄዳለች።

አራተኛው ክብደት ነው። ጎሚስታ ቤት ሄጄ የጎማ ባላንስ የሚሠሩበትን የእርሳስ ቁራጭ ለመንኩ። "ለየትኛው መኪና?" ሲለኝ ለመናገር አፈርኩ። ቁራጩን ቆርጬ ከወለሉ ዝቅ ብሎ፣ ከኋላ ጎማው ትንሽ ወደፊት፣ መሀል ላይ አጣበቅኩት። መኪናዋ በቀጥታው መንገድ ትንሽ ዘገየች። ኩርባው ላይ ግን አልገለበጠችም፤ ዙሩን የምትጨርስበት ሰዓት አጠረ። በቀጥታው የሮጠ ሁሉ ቀድሞ አይደርስም።

አሁን የድሮ ተማሪዎቼ፣ ደብተራችሁን አውጡ። ስልክ አስቀምጡ!

ቀጥታው ላይ መኪናችን በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ትሮጣለች። ጠባቡ ኩርባ ሬዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስፈልገው አክስለሬሽን የፍጥነቱ ካሬ ሲካፈል ለሬዲየሱ ነው አላልኳችሁም? 3 ሲባዛ በ3፣ ዘጠኝ። ሲካፈል ለ0.3፣ ሠላሳ። መሬት የሚስበን በ9.8 ነው። ስለዚህ ያቺ መኪና በዚያ ፍጥነት ኩርባውን ለመዞር የራሷን ክብደት ሦስት እጥፍ የሚያህል የጎን ኃይል ትፈልጋለች። ጎማዋ ያን ያህል ሰበቃ ከየት ያመጣል? ትበራለች፣ ሶፋ ሥር ትገባለች። ጥሩ ጎማ የክብደቷን ያህል ቢይዝላት እንኳ ኩርባውን መዞር የምትችለው በሴኮንድ 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ማለትም ቀጥታው ሳያልቅ ፍጥነቷ ወደ ግማሽ መውረድ አለበት። ልጄ ቀመሩን አታውቅም። ጣቷ ግን በሦስተኛው ዙር አወቀው።

ሌላም አለ። በሁለቱ ቦዮች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት አለ። መንገዱ ተራ ክብ ቀለበት ከሆነ በውጭ በኩል የሚሄደው መኪና በየዙሩ ምን ያህል ትርፍ ይጓዛል? ሁለት ፓይ ሲባዛ በ10፤ 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የሚገርመው መንገዱ ቢሰፋም ቢጠብም ልዩነቱ ያው ነው። በአሥር ዙር ከ6 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው የስሎት ካር ማኅበራት ሲወዳደሩ ተጫዋቾቹ ቦይ እየተቀያየሩ ሁሉም በሁሉም መስመር የሚሮጡት። ከመነሻው እኩል ያልሆነውን ነገር በተራ እኩል ያደርጉታል።

*

ይህ የማስተካከል ነገር ግን ጣጣም አለው። ጣጣው በደንብ የታየው አሜሪካ ውስጥ ነው።

ስሎት ካር ከእንግሊዝ ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ እሳት ሆነ። ኦሮራ የሚባለው ኩባንያ በ1960 ጠረጴዛ ላይ የሚበቃ፣ መኪኖቹ ከጣት የማይረዝሙ ትንሽ ዓይነት አመጣ። ይህ የቤት ነው። ከቤት ውጭ ደግሞ በየከተማው ትልልቅ የመወዳደሪያ ቤቶች ተከፈቱ። እኛ አገር ፕሌይስቴሽን ቤት እንደምትሉት አስቡት፤ ስምንት መስመር ያለው ግዙፍ መንገድ ተዘርግቷል፣ ልጁ መኪናውን በሳጥን ይዞ ይመጣል፣ ለሰዓት ይከፍላል፣ ይወዳደራል። በ1960ዎቹ አጋማሽ አዳራሾቹ በወጣት ተጨናንቀው ነበር።

ከዚያስ? አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ አብዛኞቹ ተዘጉ።

ለምን ተዘጉ ለሚለው ብዙ መልስ ይሰጣል። ገበያው በዕቃ ተጥለቀለቀ፣ ወጣቱ ሌላ ነገር ወደደ ይባላል። ባለ ነገሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ግን አንድ ምክንያት አለ። መኪኖቹ ከልክ በላይ ፈጠኑ። ጎበዞቹ ሞተራቸውን እንደገና እየጠመጠሙ፣ ልዩ ጎማ እየገዙ፣ መኪናውን መኪና እስከማይመስል ድረስ እያስተካከሉ ሄዱ። ውድነቱም አብሮ ጨመረ። አዲስ ልጅ ከሱቅ የገዛትን መኪና ይዞ ሲመጣ ገና መነሻው ላይ ይበለጣል። በሁለተኛው ቅዳሜም ይበለጣል። ሦስተኛው ቅዳሜ አይመጣም። አዲስ ልጅ ካልመጣ ደግሞ አዳራሹ በምን ይኖራል? ጎበዞቹ እርስ በርስ ሲሮጡ ቀሩ፣ በሩ ተዘጋ።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት። የኔን ክፍል ነበር ያየሁት። ከፊት ያሉት አምስት ጎበዞች እጃቸውን ያወጣሉ፣ እኔ ከእነሱ ጋር እሮጣለሁ። ከኋላ ያለው በሁለተኛው ሳምንት አካሉ እንጂ ልቡ አይመጣም።

ኩባንያዎቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። ጀማሪው ቶሎ ቶሎ እንዳይወድቅ መላ ፈለጉ። ኦሮራ በ1974 ከመኪናው ሥር ማግኔት አድርጎ አወጣ። ማግኔቱ የመንገዱን ብረት ይስባል፣ መኪናዋ ወለሉ ላይ ትጣበቃለች። ቀደም ብለን ባሰብነው ቀመር መሠረት ብልሃቱ ግሩም ነው፤ ሸክም ሳይጨመርባት ወደ ታች የሚጫናት ኃይል ይጨምራል፣ ስለዚህ ጎማው የበለጠ ይይዛል። ኋላ ትልልቆቹም መኪኖች ማግኔት ገባላቸው።

ግን ይህም የራሱ ዋጋ አለው። ማግኔቱ በጣም ጠንካራ ከሆነ ቃታውን ስቦ መቀመጥ ነው፤ ኩርባ የለ፣ ቀጥታ የለ። ተመልሰን ወደ ስፕሪንጉ መኪና ሄድን ማለት ነው፣ ለቀህ ማየት። ገደቡ ሲያልፍ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ መኪናዋ ድንገት ተፈናጥራ ግድግዳ ትመታለች። ማግኔት የሌላት መኪና ግን መጀመሪያ ጭራዋን ትወዘውዛለች፣ "ልቀቀኝ" ትላለች። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ባለ ቤት መንገድ ሰዎች፣ ኤምዲኤፍ ጣውላ ላይ ራሳቸው ቦይ ቆፍረው የመዳብ ፕላስተር እየለጠፉ የሚጫወቱት፣ ማግኔቱን አውጥተው የሚጥሉት። ለጀማሪ ልጅ ይተዉለታል፣ እጁ ሲፈታ ያወጡለታል። እኛም ቤት እንደዚሁ ሆነ። ልጄ ባለፈው ወር ራሷ "አባዬ አውጣልኝ" አለችኝ።

*

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም አልረሳሁትም። ካሬራ የተወለደው በ1963 ኑረምበርግ አጠገብ በምትገኘው ፉርት ከተማ ነው። ኖይሂርል የሚባል የቤተሰብ ድርጅት ነበር ያመጣው፤ ከዚያ በፊት የቆርቆሮ አሻንጉሊት ይሠሩ ነበር። ልክ እንደ ፍራንሲስ ማለት ነው። ለብዙ ዓመት የጀርመን ልጆች ገና በመጣ ቁጥር የሚመኙት ስጦታ ሆነ። በ1985 ግን ድርጅቱ ከሰረ። ዘመኑ የቪዲዮ ጨዋታና የቤት ኮምፒዩተር ዘመን ነበር። ስሙ ግን አልሞተም። በ1999 ሽታድልባወር የሚባል የኦስትሪያ ድርጅት ያዘውና እንደገና አነሳው።

በ2004 ደግሞ ዲጂታል መጣ። በየመኪናው ውስጥ ትንሽ ቺፕ ይገባና አንድ ቦይ ላይ ከአንድ በላይ መኪኖች ይሮጣሉ፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን መኪናህ ከቦይ ወደ ቦይ ትሻገራለች። ድሮ ቦዩ የወሰደብንን መሪ በጥቂቱ መለሰልን ማለት ነው።

በ2009 አንድ ደስ የሚል ነገር ተደረገ። እንግሊዝ ውስጥ ብሩክላንድስ የሚባል በ1907 የተከፈተ፣ ለመኪና ውድድር ተብሎ የተሠራ ዝነኛ ቦታ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ውድድሩ ቆመ፣ ኋላም በመንገዱ ላይ ሕንፃና ጎዳና ተሠራበት። ጄምስ ሜይ የተባለው የቴሌቪዥን ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ፣ ያንን የጠፋ መንገድ ተከትሎ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የስካሌክስትሪክ መንገድ አዘረጋ። በዓለም ረጅሙ ተብሎ ተመዘገበ። እውነተኞቹ መኪኖች መሮጥ ካቆሙ ከ70 ዓመት በኋላ መዳፍ የሚያክሉ መኪኖች ዞሩት። ከዳር ሆኖ የሚያጨበጭብ ብቻ ሳይሆን፣ ሰፈርተኛው ራሱ ተንበርክኮ መንገዱን ሲገጣጥም ነው የዋለው።

*

አሁን ስለ ሞተሯ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የከሰዓት ፈረቃ፣ ከሰባ በላይ ተማሪ፣ ቆርቆሮው ክፍሉን እንደ ምጣድ አግሎታል። እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ መምህር፣ ዲፕሎማዬ ገና ያልበረደ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሥዕል እየሳልኩ ነው። ማግኔቱን በቀይ ጠመኔ፣ ሽቦውን በነጭ። ከኋላ "ዝዝዝዝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክፍሉ ሳቀ። ዞርኩ። አንድ ልጅ ከተሰበረ ቴፕ የወጣች ትንሽ ሞተር በሁለት ባትሪ ድንጋይ እያሽከረከረ ለጓደኞቹ ያሳያል።

አስቡት እንግዲህ። እኔ ሞተር ስዬ "ይህ ሞተር ነው" እላለሁ። ልጁ ሞተር ይዟል።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? "ና እዚህ፣ ለሁሉም አሳያቸው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ሞተሯን ቀማሁት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት፣ ከክፍል አስወጣሁት፣ ወላጅ አምጣ አልኩት። በማግስቱ እናቱ ጉሊታቸውን ዘግተው መጡ። እኔን፣ የልጃቸውን ታላቅ ወንድም የማክለውን፣ "አንቱ" እያሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ለመኑኝ። ፊታቸው "ይኼ ልጅ የትም አይደርስም" አልኩ። ይህን ቃል ማንም አልነገረኝም፤ አፌ ነው ያወጣው፣ ጆሮዬም ያስታውሰዋል።

ልጁ ወደ ክፍል ተመለሰ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን በእኔ ክፍለ ጊዜ አንድም ቀን እጁን አላወጣም። እኔም ሥርዓት የያዘ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ገባ። የቀረውን እሱ በራሱ እጅ ነው የሠራው፤ እኔ አንዲት ብሎን አላጠበቅኩለትም።

ከፋሲካ በኋላ ደውዬ ስለ ሞተሯ ጠየቅኩት። ከየት እንዳመጣት ያኔ አልጠየቅኩትማ! ሰፈራቸው ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቁን ጠርጎ ነው በደመወዝ መልክ የተሰጠችው። የሽቦ መኪና ሠርቶ ሊገጥምላት ነበር። ጎማዋ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ አልቆ ነበር። "ከዚያስ መኪናዋ ምን ሆነች?" አልኩት። "ያለ ሞተር ቀረች ቲቸር፣ በገመድ ጎተትናት" አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሞተሯን ፈልጌያታለሁ። የድሮው ጠረጴዛ ተሰብሮ ተጥሏል፣ መሳቢያው የለም። እቃ ግምጃ ቤቱን አስከፍቼ ሁለት ከሰዓት ሙሉ አቧራ ስጠጣ ዋልኩ። የለችም።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ሞተርህን አልመለስኩልህም፣ ልመልስልህም አልችልም። በክፍል ፊት ነው የቀማሁህ፣ ስለዚህ ይቅርታውንም በሰው ፊት ነው የምጠይቅህ። ይቅርታ አድርግልኝ። እናትህንም ባለፈው እሑድ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሳቸው ጭራሽ ረስተውት "ምን ብለኸኝ ነው ልጄ?" አሉኝ። የረሱት ግን አይመስለኝም። ሊያቀሉልኝ ፈልገው ነው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ ማስታወቂያ አለኝ። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት መንገዱን ክፍል ውስጥ እዘረጋዋለሁ፤ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ሕጉ ቀላል ነው። ማግኔት ለጀማሪ ብቻ። በየአምስት ዙሩ ቦይም መኪናም ይቀያየራል። መጀመሪያ ቃታ የሚይዘው በፊዚክስ ዝቅተኛ ያመጣው ነው። ከቦይ የወጣ መኪና የሚያነሱ ልጆች በየኩርባው ይቆማሉ፣ ከዚያ እነሱም በተራቸው ይጫወታሉ። ቤታችሁ የተሰበረ ቴፕ፣ የተበላሸ ፋን፣ የማይሠራ ማሽን ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉት፤ ሞተሩን አምጡልኝ። እየፈታን የምናየው እሱን ነው።

የሚቀማ ሞተር የለም። የሚመዘገብበት ደብተር አዘጋጅቻለሁ፤ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፣ ሲወጣ ቆጥሮ ይወስዳል።

ቸር እንሰንብት።